ፍሬን ከኩርባው በፊት ነው

የእህቴ ልጅ የባጃጅ መንጃ ፈቃዱን እንዳወጣ ወደ እኔ መጣ። እናቱ "ለብቻው ከመያዙ በፊት አንድ ወር አብሮህ ይዋል" ብላ አደራ ሰጥታኛለች። ገና በሁለተኛው ቀን፣ ደሴ ፒያሳ ተራ ይዘን ቆመን ሳለ፣ ስልኩን አውጥቶ ቪዲዮ አሳየኝ። ሦስት ጎማ ያለው ትልቅ ሞተር ነው፤ ሁለቱ ጎማ ከፊት፣ አንዱ ከኋላ። ጠመዝማዛ አስፋልት ላይ እየተወነጨፈ ይዞራል፤ ጎማው ከመሬት ንቅንቅ አይልም።

"አጎቴ፣ ይሄም ሦስት እግር፣ የኛም ሦስት እግር። ይሄ ለምንድን ነው የማይገለበጠው?"

ጥያቄውን ወደድኩት። አብዛኛው ልጅ ባጃጅ ሲይዝ መጀመሪያ የሚጠይቀው በቀን ስንት እንደሚገባ ነው። እኔ ራሴ ይህን ጥያቄ የጠየቅኩት ሰው ከጎዳሁ በኋላ ነው። ለእሱ የመለስኩለትን፣ ከዚያም ወር ሙሉ መሪ አስይዤ ያሳየሁትን እዚህ እጽፈዋለሁ። ደሴም ሁን ኮምቦልቻ፣ ሐይቅም ሁን ወልድያ፣ ሦስት እግር የምትነዳ ከሆነ ላንተ ነው።

መጀመሪያ ካርቶን ቁረጥ። ቀልድ አይደለም፣ እሱንም ከሱቅ ካርቶን አስመጥቼ አስቆርጬዋለሁ። የባጃጅ የፊት ጎማና የኋላ ጎማ የሚራራቁት ሁለት ሜትር ገደማ ነው። የኋላዎቹ ሁለቱ እርስ በርስ የሚራራቁት ደግሞ ከአንድ ሜትር ትንሽ ከፍ ይላል። ስለዚህ ወርዱ 11 ሳንቲም፣ ርዝመቱ 20 ሳንቲም የሆነ ሦስት ማዕዘን ቁረጥ። ሹሉ ጫፍ የፊት ጎማህ ነው፤ ሁለቱ ማዕዘኖች የኋላ ጎማዎችህ ናቸው። አሁን በማስመሪያ ለካው። ከሹሉ ጫፍ 15 ሳንቲም ወደ ኋላ ሄደህ ስትለካ ስፋቱ ስምንት ሳንቲም ከትንሽ ነው። 10 ሳንቲም ላይ አምስት ተኩል ይሆናል። 5 ሳንቲም ላይ ሦስት እንኳ አይሞላም።

ባጃጅህ የቆመው በዚህች ካርቶን ላይ ነው። ሰውና ዕቃ ሲጫን የሁሉም ክብደት ተደምሮ የሚያርፍበት አንድ ነጥብ አለ። ነጥቡ ካርቶኑ ውስጥ እስካለ ድረስ ትቆማለህ፤ ጠርዙን ሲሻገር ትገለበጣለህ። ኩርባ ስትዞር ነጥቡ ወደ ጎን ይገፋል። ነጥቡ ወደ ኋላ ከሆነ ወደ ጎን የሚሄድበት ስፋት አለው፤ ወደ ፊት ከመጣ ግን ሹሉ ጋ ነውና ትንሽ ግፊት ይበቃዋል። መኪና አራት ማዕዘን ስለሆነ ክብደቱ ወደ ፊት ቢመጣም ስፋቱ ያው ነው። የኛው ችግር እዚህ ላይ ነው የሚለየው።

ታዲያ ነጥቡን ወደ ፊት የሚያመጣው ምንድን ነው? ሦስት ነገር ነው፦ ሾፌሩ አጠገብ የሚቀመጥ ትርፍ ሰው፣ ቁልቁለት፣ ፍሬን። ሦስቱም ባንድ ላይ ከመጡ ምን እንደሚሆን በራሴ ላይ ስለደረሰ ልንገርህ።

በ2004 ዓ.ም. ነው፤ መሪ ከያዝኩ ሁለት ዓመት ሆኖኛል። ቀኑ ሰኞ፣ የገበያ ቀን። ሁለት እናቶች ከኋላ፣ አንድ ጎረምሳ በቀኜ በኩል ተጠግቶኝ፣ ጣሪያው ላይ ደግሞ ሁለት ከረጢት ሽንኩርት። ቁልቁል እየወረድኩ ወደ ግራ የሚታጠፍ ኩርባ ላይ ገባሁ። ፍጥነቱ ለኔ የዕለት ተዕለት ፍጥነት ነበር። ኩርባው መሃል ስደርስ የተጫነች አህያ ከመንገዱ ዳር ብቅ አለች። ፍሬኑን ባለ በሌለ ኃይሌ ረገጥኩት። አህያዋን አልነካኋትም። ባጃጁ ግን በግራ በኩል ከኋላ ተነሳ፣ ለአፍታ ያህል በሁለት እግሩ ሄደ፣ ከዚያ በቀኝ ጎኑ ተኛ። ጎረምሳው ሲወድቅ እጁን አስቀድሞ ስለነበር የእጁ አንጓ ተሰበረ። ሽንኩርቱ ቁልቁል ተንከባለለ።

ከእናቶቹ አንዷ አቧራቸውን እያራገፉ "ልጄ፣ አብሽር፣ ሁላችንም አለን" አሉኝ። እኔ ነበርኩ እሳቸውን ማጽናናት የነበረብኝ። ቀጥለው ግን "መንገዱ እንደሆን የትም አይሄድ፤ አንተን ምን አስሮጠህ?" አሉ። ለዚህ መልስ አልነበረኝም።

ለብዙ ጊዜ ጥፋቱን የአህያዋ አድርጌው ኖሬያለሁ። ካርቶኑን የቆረጥኩት ከዚያ በኋላ፣ አንድ የቆየ መካኒክ ሲያስረዳኝ ነው። ጎረምሳው ከፊት፣ ቁልቁለቱ ወደ ፊት፣ ፍሬኑ ወደ ፊት፤ ነጥቡን ሹሉ ጋ አድርሼዋለሁ። ጣሪያው ላይ ያለው ሽንኩርት ደግሞ ከፍታውን ጨመረው። ረጅም ነገር በትንሽ ግፊት ይወድቃል። ጎረምሳው የተቀመጠው በውጭው በኩል፣ ወደሚገለበጥበት ጎን ነበር። አህያዋ ባትመጣ ኖሮ ምናልባት ያን ቀን እተርፍ ነበር፤ ሌላ ሰኞ ግን አልተርፍም።

አሁን ወደ ቪዲዮው ልመለስ። ልጁ ያሳየኝ ካናዳ ያለው ቢአርፒ የሚባል ኩባንያ በፈረንጆቹ 2007 ያወጣው ካን-አም ስፓይደር የሚባለው ሞተር ነው። ሦስት እግር ነው፤ ግን ካርቶኑ ተገልብጧል። ሰፊው ጎን ከፊት፣ ሹሉ ከኋላ። ፍሬን ሲይዝ ክብደቱ ወደ ፊት ይመጣል፣ ፊቱ ደግሞ ሰፊ ነው። የኛው ፍሬን ሲይዝ ወደ ጠባቡ ይሄዳል፣ የእሱ ወደ ሰፊው። መሬት ላይ ዝቅ ብሎ የተሠራም ነው። አንዱ ልዩነት ይህ ነው።

ሁለተኛው ልዩነት ኤሌክትሮኒክ የመረጋጊያ ሥርዓቱ ነው። ይህ ነገር መጀመሪያ የመጣው በመኪና ነው፤ በፈረንጆቹ 1995 ቦሽና መርሰዲስ አብረው ሠርተው ኤስ ክላስ የሚባለው የመርሰዲስ መኪና ላይ ገጠሙት። አሠራሩን ስትረዳ የራስህን ሥራ ስለሚያስረዳህ ጠጋ ብለህ እየው። እያንዳንዱ ጎማ ላይ ፍጥነቱን የሚቆጥር ሴንሰር አለ። መሪው ላይ ሌላ ሴንሰር አለ፤ ሾፌሩ ወዴት መሄድ እንደፈለገ ይናገራል። መሃል ላይ ደግሞ ተሽከርካሪው በእውነት ወዴትና በምን ፍጥነት እየዞረ እንደሆነ፣ ወደ ጎንም ምን ያህል እየተገፋ እንደሆነ የሚለካ አለ። ኮምፒውተሩ በሰከንድ ውስጥ ብዙ ጊዜ ሁለቱን ያመሳክራል፤ የተፈለገውንና የሆነውን። ካልተገናኙለት፣ ወይም የውስጠኛው ጎማ ሊነሳ ከሆነ፣ ነዳጁን ይቀንሳል፤ ከዚያ አንዱን ጎማ ብቻ ነጥሎ ፍሬን ይይዛል። ሊገለበጥ ላለ የሚይዘው የውጭውን የፊት ጎማ ነው። እሱ ሲያዝ አፍንጫው ወደ ውጭ ይጎተታል፣ ኩርባው ይከፈታል፣ የተነሳው ጎማ ይወርዳል። አንተ "ኧረ!" ብለህ ሳትጨርስ ይህ ሁሉ አልቋል።

ባጃጅ ላይ ይህ የለም። የኛ ፍሬን አንድ ፔዳል ነው። ስትረግጠው ዘይቱ በሦስቱም ጎማ ታምቡር ውስጥ ያለውን የፍሬን ሸራ እኩል ይገፋል። አንዱን ጎማ ለይቶ የሚይዝ ነገር የለም፣ ጎማ የሚቆጥር ሴንሰርም የለም። እስኪመጣ ድረስ መሣሪያው የሚሠራውን ሦስቱን ሥራ፣ ማለትም ነዳጅ መቀነሱን፣ ፍጥነት መስበሩን፣ መሪ መክፈቱን፣ በእጅና በእግርህ ትሠራዋለህ። እሱ ግን ኩርባው ውስጥ ሆኖ ይችላል፤ አንተ አትችልም። አንተ ቀድመህ ነው የምትሠራው።

አንድ ነገር ልጨምር፤ ይህ የኛ አገር መንገድ ብቻ የፈጠረው ችግር አይደለም። አሜሪካ ውስጥ እንደኛው ሦስት እግር ሆነው አንድ ጎማ ከፊት ያላቸው የሜዳ ሞተሮች ሰው እየገደሉ ስላስቸገሩ በፈረንጆቹ 1988 አምራቾቹ ከመንግሥት ጋር ተስማምተው አዲስ መሸጥ አቁመዋል።

ወደ ሥራው እንግባ። ኩርባው የሚጀምረው ከተራ ሳትነሳ ነው። ባጃጅ የተሠራው ከኋላ ሦስት ሰው ለመጫን ነው። አጠገብህ ሰው አታስቀምጥ። ሒሳቡ እንደሚከብድ አውቃለሁ፣ እኔም በዚያው ሒሳብ ነው የኖርኩት፤ ግን ከጎንህ ያለው ሰው ካርቶኑ ላይ የት እንደሚያርፍ አሁን አይተኸዋል። አንድ ተሳፋሪ ብቻ ከሆነ መሃል ላይ እንዲቀመጥ ለምነው። "እትዬ፣ ወደ መሃል ጠጋ ይበሉልኝ" ብትል የሚቆጣህ የለም። ሁለት ከሆኑና አንዱ በጣም የሚከብድ ከሆነ እሱ ወደ መሃል ይጠጋ። ጤፍም ሆነ ከሰል፣ ከባድ ዕቃ ከኋላ ወለሉ ላይ ይሁን፤ ጣሪያ ላይ ምንም። በጀሪካን ውሃ ወይም ጠላ ከጫንክ እስከ አፉ ይሙላ ወይም በደንብ ይታሰር። ግማሽ የሆነ ጀሪካን ኩርባ ላይ ውሃው ራሱ ወደ ውጭ ይገፋሃል።

ጎማ። ጠዋት ጠዋት ሁለቱን የኋላ ጎማዎች ጎንበስ ብለህ አወዳድር። አንዱ ከሌላው ከለሰለሰ ባጃጁ ቆሞም ወደዚያ ጎን ያጋደለ ነው። ጎሚስታ ጋ ስትሄድ ሁለቱም እኩል ይነፉ፣ የፊቱም በመመሪያው ልክ። ፍሬኑንም ገላጣ ቀጥ ያለ ቦታ ላይ ቀስ ብለህ ሞክረው፤ ወደ አንድ ጎን የሚጎትት ከሆነ ሸራው እኩል አልተበላም ወይም ዘይት ነክቶታል ማለት ነው። እንዲህ ያለ ፍሬን ይዘህ ቁልቁለት አትውረድ።

አሁን መንገድ ላይ ነህ። ኩርባ ከሩቅ ሲታይህ የመንገዱን ሁለት ጠርዞች ተመልከት። ሁለቱ ጠርዞች ከፊትህ ሄደው የሚገናኙበት ነጥብ አለ። ነጥቡ አንተ በቀረብክ ቁጥር ከሸሸ ኩርባው እየተከፈተ ነው። ባለበት ቆሞ ከጠበቀህ ኩርባው ጠባብ ነው፤ ቀንስ። ወደ አንተ የሚመጣ ከመሰለህ ደግሞ ከዚያም በላይ ቀንስ።

የምትቀንሰው ግን የት ነው? መሪው ገና ቀጥ እንዳለ። ፍሬንህን እዚያ ጨርስ፤ ማርሽህንም እዚያ ቀንስ። በሁለተኛ የምትዞረው ኩርባ ከሆነ ሁለተኛ ገብቶ፣ ፍሪሲዮኑ ተለቅቆ፣ ሞተሩ ተረጋግቶ ይጠብቅህ። ኩርባው መሃል ማርሽ የሚፈልግ ሾፌር በአንድ እጁ ነው የሚዞረው። ከዚያ እግርህን ከፍሬኑ አንሳና መሪውን አንዴ፣ ቀስ ብለህ፣ ሳትቆራርጥ አዙር። ነዳጁ ትንሽ፣ ሳይጨምር ሳይቀንስ። ነዳጅ ትንሽ ሲሰጥ ክብደቱን ወደ ኋላ፣ ወደ ሰፊው ይይዘዋል። መውጫው ሲታይህና መሪው ወደ ቀጥታ መመለስ ሲጀምር ጨምር። ከዚያ በፊት አይደለም።

የማይታይ ኩርባ ከሆነ ጡሩምባ ንፋ፤ ግን ጡሩምባ ነፍቻለሁ ብለህ መሃል መስመሩን አትሻገር። በራስህ ረድፍ ውስጥ ከውጭ ገብተህ ወደ ውስጥ ብትጠጋ ኩርባው ትንሽ ይሰፋልሃል። ከረድፍህ ወጥተህ የምታሰፋው ኩርባ ሲኖትራክ ሲመጣ ምን እንደሚሆን ልነግርህ አይገባም።

ፍጥነቱ ስንት ይሁን? ብዙ ባጃጅ ላይ ቆጣሪው አይሠራም፤ ቢሆንም ቁጥሩን እወቀው። ጠባብ መታጠፊያ አስብ፤ ከክቡ መሃል እስከ አንተ መስመር 15 ሜትር የሆነ። በሰዓት 20 ኪሎ ሜትር ስትዞረው፣ ለእያንዳንዱ 100 ኪሎ ክብደት ወደ ጎን የሚገፋህ 21 ኪሎ ያህል ነው። በ30 ስትዞረው 47 ይሆናል። በ40 ደግሞ 84። አየህ፣ ከ20 ወደ 40 ፍጥነቱ እጥፍ ነው፤ ግፊቱ ግን አራት እጥፍ። የተጫነ ባጃጅ 84ቱን ተሸክሞ አይቆምም። በ30 ላይ ያለው ደግሞ ፍሬን፣ ቁልቁለት ወይም የጣሪያ ዕቃ ከታከለበት በጣም ጠርዝ ላይ ነው። "ትናንትም በዚህ ፍጥነት ነው የዞርኩት" የሚለው የማይሠራው ለዚህ ነው፤ ትናንት ብቻህን ነበርክ።

ሰውነትህም ይረዳል፣ ትንሽ ነው እንጂ። ወደ ኩርባው ውስጥ ትከሻህን ዘንበል አድርግ። ከኋላ ያሉትም በተፈጥሯቸው ወደ ውጭ ይወድቃሉ፤ "ያዙት፣ ልዞር ነው" ብሎ ማስጠንቀቅ ጥሩ ልማድ ነው። እኔ ከ2004 ወዲህ ሳልናገር የዞርኩት ከባድ ኩርባ የለም።

ቀኝና ግራ እኩል አይደሉም። ይህን ማንም አልነገረኝም፤ ራሴ ነው የደረስኩበት። የከተማችን አሮጌ መንገድ ውሃ እንዲወርድ ተብሎ መሃሉ ከፍ፣ ዳሩ ዝቅ ብሎ የተሠራ ነው። እኛ በቀኝ ነው የምንነዳው። ወደ ቀኝ ስትዞር መንገዱ ወደ ኩርባው ውስጥ ያዘነብላል፤ ይደግፍሃል፣ ግን መዞሪያው ጠባብ ነው። ወደ ግራ ስትዞር መዞሪያው ሰፋ ይላል፣ መንገዱ ግን ወደ ውጭ፣ ወደ ቦዩ ያዘነብላል። ከመገፋቱ በፊት ባጃጅህ ገና ድሮ አጋድሏል ማለት ነው። ሰፋ ስላለ ያታልልሃል፣ ፈጥነህ ትገባለህ። የኔው ሽንኩርት የተንከባለለው ወደ ግራ በሚታጠፍ ኩርባ ላይ ነው።

ደሴ ከባሕር ወለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ናት። ኮምቦልቻ በ25 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቀት ከ600 ሜትር በላይ ዝቅ ትላለች። በሁለቱ መካከል ያለውን የሐረጎን መንገድ የሚያውቅ ቁልቁለት ማለት ምን እንደሆነ ያውቃል። ባጃጅ የከተማ ነው፤ እንዲህ ላለ መንገድ አልተሠራም። ግን አንድ ጊዜ ባዶውን ለጥገና ማውረድ ነበረብኝና ያን ቀን የተማርኩት ከተማ ውስጥም ይሠራል። ቁልቁለት ላይ ምንም ሳትነካ ክብደትህ ወደ ፊት ወርዷል፤ ማለትም ፍሬን በግማሽ እንደያዝክ ቁጠረው። ስለዚህ እዚያው ኩርባ ላይ ወደ ላይ ስትወጣ የምትዞርበት ፍጥነት ወደ ታች ስትወርድ ለመውደቅ ይበቃል።

ቁልቁለቱን ከመጀመርህ በፊት ወደምትወጣበት ማርሽ ግባ፤ ዳገቱን በሁለተኛ የምትወጣ ከሆነ በሁለተኛ ውረድ። ነዳጅ ለመቆጠብ ብለህ በዜሮ ማርሽ አትልቀቀው። በዜሮ ስትለቀው የሚይዝህ ፍሬኑ ብቻ ይሆናል። ታምቡር ፍሬን ደግሞ ብዙ ሲያዝ ይግላል፣ ሲግል መያዙ ይደክማል። የተቃጠለ ሸራ ሽታ ከሸተተህ፣ ፔዳሉም ከወትሮው ከጠነከረብህ ወይም ከሰመጠብህ፣ በማርሽ ቀንሰህ ዳር ያዝና አቁም። እስኪበርድ ተቀመጥ። ውሃ አትድፋበት። እኔ ያን ቀን ሁለት ጊዜ ቆሜያለሁ፤ ሁለተኛው ላይ ታምቡሩ ጋ እጄን ሳስጠጋ ሙቀቱ ሳልነካው ነበር የተሰማኝ።

ዳገት ላይ ተቃራኒው ነው። ክብደቱ ወደ ኋላ ስለሚሄድ ለመገልበጥ ይከብዳል፤ የፊት ጎማው ግን ይቀላል። ከኋላ ሦስት ሰው ጭነህ እርጥብ ዳገት ላይ ስትታጠፍ መሪው ዞሮ ባጃጁ ቀጥ ብሎ ሊሄድ ይችላል። ነዳጁን ቀነስ አድርግ፣ የፊት ጎማው መሬት ያገኛል፣ ይዞራል።

የደሴ ክረምትና ጉም የታወቀ ነው። ጦሳ ተራራ ላይ ጉሙ ሲወርድ ኩርባው ቀርቶ የፊትህ ባጃጅ አይታይም። ስለ ጉም የምለው አጭር ነው፦ መብራት አብራ፣ ቀስ በል፣ የማታየው ቦታ ላይ አትድረስ። ዝናቡ ግን ሌላ ጠባይ አለው። መጀመሪያ የሚዘንብባቸው ደቂቃዎች የከፉ ናቸው፤ የወራት ዘይትና አቧራ ይረጥባል ገና አልታጠበም። ኮብልስቶን ደግሞ ሲረጥብ እንደ ሳሙና ነው። እርጥብ ላይ ባጃጅ ከመገልበጡ በፊት ይንሸራተታል። ብዙ ሰው "እንግዲያ ዝናብ ላይ አይገለበጥም" ይላል፤ ስህተት ነው። ወደ ጎን የሚንሸራተት ጎማ የእግረኛ መንገድ ጠርዝ፣ ጉድጓድ ወይም ደረቅ አስፋልት ሲያገኝ ድንገት ይያዛል፣ ላዩ ያለው ግን አልቆመም። ያኔ ነው የሚወረወረው። በዝናብ ጊዜ፣ ደረቅ ላይ ከምትገባበት ፍጥነት ግማሹን ያዝ፤ ፍሬንህንም ከወትሮው በእጥፍ ርቀት ቀድመህ ጀምር።

ይህን ሁሉ አድርገህም አንድ ቀን ጎማ ሊነሳብህ ይችላል። ምልክቱን እወቅ። መጀመሪያ ከመቀመጫህ ነው የሚሰማህ፤ በውስጠኛው በኩል ወገብህ ይቀላል። ቀጥሎ ሞተሩ ሳትነካው ይጮሃል። ባጃጅ የሞተሩን ኃይል ለሁለቱ የኋላ ጎማዎች የሚያከፋፍል ዲፈረንሻል ስላለው ከመሬት የተነሳው ጎማ ባዶውን ይሽከረከራል፤ ኃይሉን ሁሉ እሱ ይወስደዋል። ያንን ጩኸት ስትሰማ ጎማህ አየር ላይ ነው። በዚያች ቅጽበት ፍሬኑን እንዳትረግጠው። ነዳጁን ቀስ ብለህ መልስና መሪውን ትንሽ ክፈት፣ ወደ ቀጥታው። ኩርባው ሲከፈት ግፊቱ ይቀንሳል፣ ጎማው ይወርዳል፤ ከወረደ በኋላ ቀጥ ብለህ ፍሬን ያዝ። የካናዳው ሞተር ኮምፒውተር የሚያደርገው ይህንኑ ነው። ግን መሪ ለመክፈት ከጎንህ ቦታ ያስፈልጋል። ጠባብ መንገድ ላይ፣ በአንድ በኩል ገደል፣ በሌላው ሲኖትራክ ሆኖ የምትከፍትበት የለም። የማትከፍትበት ቦታ ላይ ጎማ የሚያነሳ ፍጥነት ይዘህ አትግባ፤ ሌላ መውጫ የለውም።

ልምምዱ እንዲህ ነው። የእህቴን ልጅ ማለዳ ወደ ቦሩ ሜዳ በኩል ይዤው ሄድኩ፤ ሰውም ከብትም ያልወጣበት ገላጣ ደረቅ ቦታ። በገመድ 10 ሜትር ለክተን በአመድ ክብ አሰመርን። አራት ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ውሃ ሞልተን ይዘናል፤ 80 ኪሎ ማለት ነው፣ አንድ ሰው። መጀመሪያ ጀሪካኖቹን ከኋላ ወለሉ ላይ አስሮ በአንደኛ ማርሽ፣ ሰው እንደሚሮጥ ያህል፣ ክቡን ወደ ቀኝም ወደ ግራም ዞረ። ከዚያ ጀሪካኖቹን ወደ ፊት፣ ወደ ሾፌሩ እግር አጠገብ አምጥተን በትክክል በዚያው ፍጥነት ዞረ። ጎማ እስኪነሳ አይደለም፤ ያንን ማንም አይሞክር። ልዩነቱን ወገቡ እንዲያውቀው ብቻ ነው። ሁለት ዙር ሳይጨርስ አቁሞ ወረደና "አጎቴ፣ ሌላ ባጃጅ ሆነ እኮ" አለኝ።

በማግስቱ አፉ የተከፈተ ባልዲ እስከ አንገቱ ውሃ ሞልቼ ከኋላ ወለሉ ላይ፣ መሃል አስቀመጥኩ። ቀጥ ብሎ መጥቶ፣ ፍሬኑን ጨርሶ፣ ክቡን ዞሮ እንዲወጣ። የመጀመሪያው ቀን ሲመለስ ባልዲው ግማሽ ነበር። ኩርባው ውስጥ ፍሬን የነካ ጊዜ ውሃው ወደ ፊትና ወደ ውጭ ማዕዘኑ ይፈሳል፤ ወለሉ ላይ የረጠበውን አይቶ የት እንዳጠፋ ራሱ ያውቀዋል። መሪ የቆራረጠ ጊዜ ግራና ቀኙ እኩል ይረጥባል። እኔ ምንም መናገር አላስፈለገኝም። በዘጠነኛው ቀን ሦስት ዙር በቀኝ፣ ሦስት ዙር በግራ ዞሮ ወለሉ ደረቅ ሆኖ ተመለሰ። ከሰዓት በኋላ ፒያሳ ወስጄ መሪውን ለቀቅኩለት፤ የመጀመሪያ ተሳፋሪው አንዲት እናት ነበሩ። ሳልነግረው ዞር ብሎ "እትዬ፣ ወደ መሃል ጠጋ ይበሉልኝ" አላቸው።